ዳኛ ከየት ይመጣል?

በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ልጆቻችን ትምህርትና ስለ ወደፊት ሥራቸው እንድናገር ጠይቀውኛል። ስለ ሐኪምነት፣ ስለ ነርስነት፣ ስለ ኢንጂነርነት ከብዙ ተናጋሪዎች ሰምታችኋል። እኔ ዛሬ በመካከላችን ብዙ ስለማይነሳ ሙያ ልነግራችሁ መጥቻለሁ፤ እሱም ዳኝነት ነው።

እኛ ፍርድን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። በጎንደርም ሆነ በትግራይ መንደሮቻችን ባልና ሚስት ሲቀያየሙ፣ በድንበር ወይም በከብት ምክንያት ጠብ ሲነሳ፣ ጉዳዩ የሚታየው በሽማግሌ ፊት ነበር። ሽማግሌው የሚከበረውም ለዘመዱ እንኳ ስለማያዳላ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። በቅሎን የሚያህል ሀብት በትክክለኛ ፍርድ ቢወሰድብኝ እችለዋለሁ፤ ያለ ፍርድ የተነጠቅኋት አንዲት ጭብጦ ግን ታንገበግበኛለች ማለት ነው።

ወደ እስራኤል ከመጣን በኋላ ከፍርድ ቤት ጋር የምንገናኘው ብዙውን ጊዜ አቤት ባይ ወይም ተከሳሽ ሆነን ነው። በ1996 የለገስነው ደም እንደሚደፋ ስንሰማ፣ በ2015 እና በ2019 ደግሞ በልጆቻችንና በፖሊስ መካከል በደረሰው ነገር አደባባይ ወጥተን ጮኸናል። ጩኸቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ጩኸቱ ካለፈ በኋላ መዝገቡ የሚከፈተው በአንድ ዳኛ ፊት ነው። ያንን በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀና ብለን እናየዋለን፤ ከየት እንደመጣ ግን አንጠይቅም። እሱም ወላጅ አለው፤ መምህር አለው፤ ያጠናበት ደብተር አለው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ወደዚያ ወንበር የሚወስደውን መንገድ ነው።

ለምሳሌ የመረጥኳቸው ሴት አሜሪካዊት ናቸው፤ ስማቸው ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ ይባላል። እሳቸውን የመረጥኩበት ምክንያት መንገዳቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የታወቀ ስለሆነ ነው፤ የስደተኛ ልጅ ስለነበሩም ነው። ስለ ልጅነታቸውና ስለ ጥብቅናቸው ስናገር «እሷ» እላለሁ፤ ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን «እሳቸው» እላለሁ፤ ወጉ ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ፍርድ ቤቱ ጥቂት ልግለጽ። በአሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ፍርድ ቤት አለው። ከዚህ ሌላ የማዕከላዊው መንግሥት፣ ማለትም የፌዴራል ፍርድ ቤት አለ። ይህ ሦስት ደረጃ ነው። ከታች 94 የአውራጃ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ከነሱ በላይ 13 የይግባኝ ፍርድ ቤቶች፤ ከሁሉም በላይ ዘጠኝ ዳኞች ያሉበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ምስክር የሚሰማው፣ ማስረጃ የሚቀርበው፣ ባለጉዳዩ ከዳኛው ፊት የሚቆመው ከታች ባለው ነው። በከባድ ወንጀል ጉዳይ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ከሕዝብ የተመረጡ 12 የጁሪ አባላት ናቸው፤ ሕጉን የሚያስረዳቸውና ጥፋተኛ ከተባለ ብዙውን ጊዜ ቅጣቱን የሚወስነው ዳኛው ነው። ስለዚህ የታችኛው ዳኛ ትንሽ ዳኛ አይደለም። ብዙው ሰው ከዚያ በላይ አይሄድም።

የፌዴራሉን ዳኛ ፕሬዚዳንቱ ያጫል፤ ሴኔት የሚባለው ምክር ቤት መርምሮ ድምፅ ይሰጥበታል። የታጨው ሰው ኑሮው፣ ሥራው፣ የጻፈውና የተናገረው ሁሉ ይመረመራል። ከተሾመ በኋላ ግን የሥራ ዘመኑ ዕድሜ ልክ ነው። ደመወዙን መቀነስ አይቻልም፤ ከወንበሩ ሊያነሳው የሚችለው ምክር ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ከሶና አስፈርዶ ነው። ይህ የተደረገው ዳኛው ሲፈርድ ሹምንም ባለጸጋንም እንዳይፈራ ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የፌዴራል ዳኛ ይህን ያህል ዕድሜ ይኑረው፣ ከዚህ ዘር ይወለድ አይልም። በወረቀት በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቶቹ ከተቋቋሙበት ከ1789 ጀምሮ እስከ 1966 ድረስ፣ ለ177 ዓመት፣ አንዲት ጥቁር ሴት በዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ሕግ አልከለከለም፤ ግን መንገዱ አልተጠረገም ነበር። በወረቀት የተከፈተ በር ሁሉ በእውነት የተከፈተ እንዳልሆነ እኛም በዚህ አገር አይተነዋል።

ኮንስታንስ የተወለደችው በመስከረም 1921 በኮኔክቲከት ስቴት በኒው ሄቨን ከተማ ነው። ወላጆቿ ከካሪቢያን ባሕር ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከኔቪስ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ከአሥራ ሁለት ልጆች ዘጠነኛዋ ነበረች። አባቷ በዬል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ማኅበር ምግብ አብሳይ ነበር። ልብ በሉ፤ አባትየው ለሌሎች ሰዎች ልጆች ወጥ የሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ከቤታቸው አጠገብ ነበር፤ ለገዛ ልጁ ግን ሩቅ አገር ነበር። ከመካከላችን በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ወጥ ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ ጽዳት የሚሠሩ ወላጆች ይህን ይረዱታል።

ልጅቱ በአሥራ አምስት ዓመቷ ገደማ የጥቁር ደራስያንን መጻሕፍት ማንበብ ጀመረች፤ በቆዳዋ ምክንያት ከባሕር ዳርቻ መዋኛም ተመለሰች። በዚሁ ዕድሜ ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ አለች። እናቷ ፀጉር ሠሪ ብትሆን ይሻላል ትል ነበር፤ አባቷ በጉዳዩ ላይ ሐሳብ አልነበረውም። እናትየው ልጇን ጠልታ አይደለም። በዚያ ዘመን ጠበቃ የሆነች ጥቁር ሴት አይታ አታውቅም፤ ፀጉር የምትሠራና እንጀራዋን የምትበላ ግን አይታለች። ወላጅ ለልጁ የሚመኘው ያየውን ነው። እኛም «ቶሎ ደመወዝ የሚያስገኝ ነገር ተማሪ» የምንለው ከዚሁ የተነሳ ነው።

ታዲያ ልጅቱ ጠበቃነትን ከየት አየችው? ከሰፈሯ። ጆርጅ ክሮፎርድ የሚባል ጥቁር ጠበቃ በከተማዋ ይኖር ነበር። በ1938 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የሚዙሪ ስቴት ለነጮች የሕግ ትምህርት ቤት ከፍቶ ጥቁሩን ተማሪ ወደ ሌላ ስቴት መስደድ አይችልም ብሎ ፈረደ። ጠበቃው ይህን ፍርድ ለሰፈሩ ሰዎች ሲያስረዳ ልጅቱ ተቀምጣ አዳመጠች። እንዲህ ያለ ስብሰባ ጥቅሙ ወዲያው አይታይም፤ ከኋላ ወንበር ማን ተቀምጦ እንደሚሰማ ግን አናውቅም።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ብትጨርስም ለዩኒቨርሲቲ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። መንግሥት ለወጣቶች ባዘጋጀው ሥራ ገብታ በወር 50 ዶላር እየተከፈላት ወንበር ቀለም ትቀባ ነበር። በዚህ ጊዜ በሰፈሯ ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል፣ እኛ ማትናስ እንደምንለው ያለ ቤት፣ ስብሰባ ተጠራ። ጥያቄው የሰፈሩ ጥቁሮች በማዕከሉ ለምን አይጠቀሙም የሚል ነበር። ኮንስታንስ ተነስታ፣ ማዕከሉን የሚያስተዳድሩት ሌሎች ናቸው፤ ለጥቁሩ ተብሎ በተሠራ ቤት ጥቁሩ ድምፅ የለውም፤ የማይመጡት ስለዚህ ነው ብላ ተናገረች።

በስብሰባው ላይ ለማዕከሉ ሥራ ገንዘብ የሰጠ ክላረንስ ብሌክስሊ የሚባል ነጭ ባለሀብት ነበር። ንግግሯ የነካው እሱንም ጭምር ነው። እሱ ግን አልተቀየመም። አስጠርቷት ለምን ዩኒቨርሲቲ እንዳልገባች ጠየቃት፤ ገንዘብ የለኝም አለች። ምን መማር ትፈልጊያለሽ ቢላት ሕግ አለች። እሱም እስከ መጨረሻው ከፈለላት። ሰው ልጅቱ ዕድለኛ ናት ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ዕድል አለበት። ዕድሉ ሲመጣ ግን ሁለት ነገር ተዘጋጅቶ ጠበቀው፦ የሚታይ ጥሩ ውጤትና ሳትፈራ የተናገረች አንደበት።

በ1941 ናሽቪል ወደሚገኘው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ሄደች፤ ወደ ደቡብ ስትጓዝ ለጥቁሮች በተለየው የባቡር ፉርጎ እንድትቀመጥ ተደረገች። ቀጥላ ወደ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ በ1943 በኢኮኖሚክስ ተመረቀች፤ በ1946 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪዋን ተቀበለች። ገና ተማሪ ሳለች፣ በ1945፣ የጥቁሮችን መብት በፍርድ ቤት የሚከራከረው የጠበቆች ድርጅት ተቀበላት። የቀጠራት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ተርጉድ ማርሻል ነው።

በዚያ ቤት ሃያ ዓመት ገደማ ሠራች። በ1949 ወደ ሚሲሲፒ ስቴት ወደ ጃክሰን ከተማ ሄዳ ጥቁር አስተማሪዎች ከነጮች እኩል ይከፈላቸው ብላ ተከራከረች። እኔ አስተማሪ በመሆኔ ይህን ክርክር አልረሳውም። በደቡብ አገር ሆቴል ስለማይቀበላት በጥቁር ቤተሰቦች ቤት ታድር ነበር። በችሎት ከወዲያ ማዶ የቆሙ አንዳንድ ጠበቆች «ሚስስ ሞትሊ» ብለው ለመጥራት አይፈቅዱም ነበር፤ በእኛ አነጋገር «አንቺ» ሊሏት ይፈልጉ ነበር። እሷ ግን ወደ መዝገቧ ትመለስ ነበር። የትምህርት ቤት መለያየትን ሕገወጥ ባደረገው በ1954ቱ ታላቅ ፍርድ በአቤቱታው ዝግጅት ተካፍላለች። ጄምስ ሜሪዲዝ የሚባለው ጥቁር ተማሪ በ1962 ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የገባው እሷ ከታች እስከ ላይ ባሉት ፍርድ ቤቶች ከተከራከረችለት በኋላ ነው። በ1963 በበርሚንግሃም ከተማ ሰልፍ ወጡ ተብለው ከትምህርት ቤት የተባረሩ ከ1000 በላይ ልጆችን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ክፍላቸው አስመልሳለች።

በጠቅላይ ፍርድ ቤት አሥር ጊዜ ቆማ ዘጠኙን አሸነፈች። የተሸነፈችበት አሥረኛው ጥቁሮችን ከጁሪ ስለማስወጣት ነበር፤ ያንን ፍርድ ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ለወጠው። ይህን የምነግራችሁ ቁጥሩን እንድታደንቁ ብቻ አይደለም። ዳኝነት የሚሠራው በእንዲህ ያለ ሥራ ስለሆነ ነው። በየችሎቱ የቆመ፣ ጥሩና መጥፎ ዳኛ ያየ፣ ተሸንፎ ይግባኝ የጻፈ ሰው ነው ነገ በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ከታች የቆመው ሰው የሚታየው።

በ1964 በኒውዮርክ ስቴት ሴኔት ለመቀመጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በ1965 የማንሃታን ክፍለ ከተማ ፕሬዚዳንት ሆነች። በጥር 1966 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለኒውዮርክ ደቡባዊ አውራጃ የፌዴራል ፍርድ ቤት አጫት። የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀመንበር የሚሲሲፒው ጄምስ ኢስትላንድ ነበር። ኮሚኒስት ናት የሚል ክስ አነሳ፤ ጉዳዩንም ሰባት ወር አጓተተ። በነሐሴ 1966 መጨረሻ ሹመቱ ጸደቀ። የሕግ ትምህርቷን ከጨረሰች 20 ዓመት ሆኗት ነበር፤ ዕድሜዋም 45 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ አሁን «እሳቸው» እንበል።

አሁን የምነግራችሁ ከዛሬው ንግግር ዋነኛው ነው። በ1975 በኒውዮርክ የአንድ ትልቅ የጠበቆች ድርጅት ሴት ጠበቆችን በሴትነታቸው አይቀጥርም ተብሎ ተከሰሰ። መዝገቡ ለዳኛ ሞትሊ ደረሰ። የተከሳሹ ወገን ዳኛዋ ከችሎት ይነሱልን አለ። ምክንያቱም እሳቸው ሴት ናቸው፤ ጥቁር ናቸው፤ በጥብቅናቸውም ዘመን ስለ እኩልነት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ስለዚህ ያዳላሉ የሚል ነበር።

ዳኛ ሞትሊ አልነሳም አሉ። የሰጡት ምክንያት ባጭሩ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ዳኛ ዘር አለው፤ ጾታ አለው፤ ከመሾሙ በፊት የሠራው ሥራ አለው። እነዚህ ብቻቸውን ዳኛን ከችሎት የሚያስነሱ ከሆነ በዚህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሊያይ የሚችል አንድም ዳኛ አይገኝም።

ወገኖቼ፣ ይህን አስቡት። ነጩ ወንድ ዳኛ የነጭ ወንድ ጉዳይ ሲያይ ያዳላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እሱ እንደ ሚዛን ተቆጥሯል። ጥቁሯ ሴት ስትቀመጥ ግን ሚዛኑ ተጠረጠረ። ነገ የእኛ ልጅ ዳኛ ስትሆን «የአንድ ወገን ሰው ናት» የሚል መምጣቱ አይቀርም፤ ከእኛ በኩል ደግሞ «የእኛ ልጅ ስለሆነች ትፈርድልናለች» የሚል ይመጣል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስድብ ነው። ዳኛ ሞትሊ ለጥቁር ከሳሽ ሁሉ፣ ለሴት ከሳሽ ሁሉ አልፈረዱም፤ ማስረጃ ሲጎድል ጎድሏል ብለዋል። ማስረጃ ሲኖር ደግሞ አልፈሩም፤ በ1978 በኒውዮርክ የቤዝቦል ሜዳ ሴት ጋዜጠኛ እንደ ወንዶቹ ባልደረቦቿ ተጫዋቾቹን በመልበሻ ክፍላቸው ገብታ ማነጋገር አትከለከልም ብለው ፈርደዋል። እኛ የምንፈልገው ልጃችን ለእኛ እንድታዳላ ከሆነ ዳኛ አንፈልግም፤ አማላጅ ነው የምንፈልገው። የአባቶቻችን ሽማግሌ ግን አማላጅ ብቻ አልነበረም፤ በዘመዱም ላይ ይፈርድ ነበር።

ዳኛ ሞትሊ ከ1982 እስከ 1986 የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ነበሩ። ከዚያም በኋላ ሙሉ ጡረታ አልወጡም፤ በከፍተኛ ዳኛነት መዝገብ እያዩ ቆይተው በ2005 በ84 ዓመታቸው አረፉ። በወንበሩ ላይ 39 ዓመት ማለት ነው። በ2022 ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳኛ ሲሆኑ፣ ልደታቸው ከዳኛ ሞትሊ ጋር በአንድ ቀን እንደሚውል አንስተው በሳቸው ትከሻ ላይ መቆማቸውን ተናግረዋል። እሳቸውም ሥራውን የጀመሩት በዚያው በታችኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በእስራኤል ዳኛ የሚመርጠው ለዚሁ የተቋቋመ ኮሚቴ ነው፤ ሹመቱን የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ዳኛ በ70 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ለሚሽፓት ሃሻሎም ዳኝነት ለማመልከት ቢያንስ አምስት ዓመት በሕግ ሙያ መሥራት ያስፈልጋል። እንቁጠረው፦ ባግሩት፣ ወታደርነት፣ ሦስት ዓመት ተኩል የሕግ ትምህርት፣ ሂትማሁት፣ የጠበቆች ማኅበር ፈተና፣ ከዚያ አምስት ዓመት። ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በፊት የሚደርስ ጥቂት ነው፤ ብዙው ከአርባ በኋላ ነው። ይህ መንገድ ሊሄዱበት የሚቻል ለመሆኑ ምስክር አለን። በ2016 ከማኅበረሰባችን ሁለት ሴቶች ዳኛ ሆነው ተሾመዋል፤ አንዷ በሚሽፓት ሃሻሎም፣ ሌላዋ በትራፊክ ፍርድ ቤት። ወንዶቹ ልብ ይበሉ፤ ቀድመው የደረሱት ሴቶቹ ናቸው። በኦሪት ዘመን ዲቦራም በዘንባባ ሥር ተቀምጣ ትፈርድ ነበርና አዲስ ነገር አይደለም።

ታዲያ እኛ ወላጆች ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጃችሁ በየትኛው ሃክባጻ እንዳለ፣ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ስንት የሂዶት እንደሚማር ጠይቁ። የዩኒቨርሲቲው በር የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው በ18 ዓመት ሳይሆን በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ነው። ልጁን ወደ ዝቅተኛ ክፍል የሚያወርድ ወረቀት ሲመጣ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ዕብራይስጥ አላውቅም ብሎ ከስብሰባ መቅረት አይገባም፤ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛ፣ የዳኛ መሣሪያው ቋንቋ ነው። ልጆች ሲጣሉ በጥፊ ከመለየታችሁ በፊት የሁለቱንም ቃል አድምጡ፤ «አንተ ምን አየህ? አንቺ ምን ሰማሽ?» በሉ። ይህ በአማርኛም ይቻላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። አያት ካለ በመንደሩ ሽማግሌዎች ነገር እንዴት ያዩ እንደነበር ያጫውታቸው።

ሦስተኛ፣ በዚህ አገር ችሎት፣ ሕግ በተለየ ካልከለከለ በቀር፣ ለሕዝብ ክፍት ነው። ልጆቻችንን ይዘን ገብተን ማዳመጥ እንችላለን። ልጅ የፍርድ ቤትን ደጃፍ መጀመሪያ የሚያየው በካቴና መሆን የለበትም፤ በእንግድነት ይሁን።

አራተኛ፣ ተምረው ጠበቃ የሆኑ ልጆቻችን ሆይ፣ እንደ ክሮፎርድ ወደ ሰፈር ተመለሱና አንድ ምሽት ስለ አንድ ፍርድ አስረዱን። ገንዘብ ያገኛችሁም አንድ ተማሪ ምረጡ።

ልጅሽ ጠበቃ እሆናለሁ፣ ዳኛ እሆናለሁ ስትልሽ «የማይሆን ነገር» አትበያት፤ ከነገ ጀምሮ ምን ማንበብ እንዳለባት አስተማሪዋን ሄደሽ ጠይቂ። ልጆቻችን ሁሉ ዳኛ አይሆኑም፤ መሆንም የለባቸውም። ነገር ግን በዚህ አገር የሚፈረድብን ብቻ ሳንሆን የምንፈርድም ካልሆንን ፍርዱ ጎደሎ ነው፤ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለአገሩም።

 አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከእናቶች እንጀምር።